ስንት ኢንች ይበቃል?

በሲያትሉ የኦቴሎ ሰፈር ለቤት ኮምፒውተር ስክሪን መግዛት የግል ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ነገሩን ቡና ላይ እንዳያነሣው እመክረዋለሁ። አንዴ ካነሣው ሸንጎ ይቀመጥበታል። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ እኔ በምኖርበት ሕንጻ ውስጥ “ስክሪን ልቀይር ነው” ማለት “ትዳር ልይዝ ነው” ከማለት አይተናነስም። ሁሉም ሐሳብ አለው፤ ሁሉም ሐሳቡን ይዞ ይመጣል።

ልጄ የሚፈልገው 34 ኢንች ጎባጣውን ነው። “ለሆምወርክ ነው” ይላል። የትኛው ሆምወርክ ጎባጣ ስክሪን እንደሚጠይቅ አስተማሪውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ባለቤቴ ቁጥር አትጠራም፤ “ፎርም የምሞላበት ቦታ ይተርፋል ወይስ ጉልበቴ ላይ ልጻፍ?” ብላ ብቻ ትጠይቃለች። የአክስቴ ልጅ፣ በየሐበሻው ቤተሰብ አንድ የማይጠፋው “ኮምፒውተር የሚሠራው” ልጅ፣ “ሪዞሉሽኑስ?” ይልና ዝም ይላል። ዝምታው ከንግግሩ በላይ ያስፈራል። ከበላያችን የሚኖሩት ጋሼ ደግሞ ነገሩን በአጭሩ ይቋጩታል፦ “ባለ 43 ቴሌቪዥን ግዛና ሰካው። ስክሪን ማለት እሱ ነው።” የእድራችን ጸሐፊም የራሳቸው ችግር አለባቸው። ስብሰባው በዙም ነው፤ ዙም ደግሞ በአንድ ገጽ እስከ 49 ሰው ይደረድራል። “አሁን ባለህ ስክሪን ሊቀመንበሩን ከገንዘብ ያዡ ለይተህ ታውቃለህ?” አሉኝ። ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ አልለይም።

ከነዚህ ሁሉ መካከል “ስትቀመጥ ዓይንህ ከስክሪኑ ምን ያህል ይርቃል?” ብሎ የጠየቀ የለም።

አልፈርድባቸውም። እኛ ስክሪንን የተዋወቅነው በቡፌ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ወደ ብዙው ሰው ቤት የገባው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባም ቡፌው ቀድሞት ተቀምጦ ነው የጠበቀው። ቡፌው መሀል ላይ ለቴሌቪዥን የተተወ ቀዳዳ አለ። የስክሪኑን መጠን የወሰነው እንግዲህ አናጢው ነበር። ቀዳዳው 14 ኢንች ከያዘ 14፣ 21 ከያዘ 21። ከዚያ ዳንቴል ይለብሳል። ዜና ሲደርስ ዳንቴሉ ወደ ላይ ይገለጣል፤ በደንብ ሳይገለጥ ሲቀር ከስክሪኑ ላይ አንድ ሁለት ኢንች ይወስዳል። የዜና አንባቢውን ግንባር ሳያይ ያደገ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ቅር ያለው ግን አልነበረም።

ከፊቱ ደግሞ ሰፈሩ ይቀመጣል። ሶፋው ላይ ትልልቆቹ፣ ምንጣፉ ላይ ልጆቹ፣ በሩ ላይ ደግሞ “አልገባም፣ ልሄድ ነው” እያለ ድራማው እስኪያልቅ የሚቆመው ጎረቤት። ለዚያ ሁሉ ሰው ስክሪን ቢሰፋ ይገባዋል። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ያለው አንድ ወንበር ነው። እኛ አሁንም ለአንድ ሰው የሚሆን ዕቃ ልንገዛ ስንወጣ በር ላይ የቆመውን ጎረቤት ቆጥረን ነው።

ኢንቹ ራሱም ቢሆን የዋህ አይደለም። ሳጥኑ ላይ 27 ተብሎ የተጻፈው ወርዱም ቁመቱም አይደለም፤ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ የተለካ ነው። ወርዱ 23 ኢንች ተኩል፣ ቁመቱ 13 ኢንች ከሩብ ያህል ነው። ለምን በሰያፍ ይለካል ቢሉ፣ የጥንቶቹ የቴሌቪዥን ቱቦዎች ፊታቸው ክብ ነበር። ክብ ነገር ደግሞ እንደ ምጣድ አንድ ልክ ብቻ ነው ያለው፦ ከዳር እስከ ዳር። (እዚህ አገር ብዙ እናቶች እንጀራ የሚጋግሩበት፣ ኖርዌጂያኖች ሌፍሰ ለሚባለው ቂጣቸው የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 16 ኢንች ነው። ከየትኛውም ወገን ቢለኩት ያው 16 ነው፤ አያታልልም።) ኋላ ቱቦው አራት ማዕዘን ሆነ፤ አለካኩ ግን የክቡን ዘመን ልማድ ይዞ ቀረ። በዚያ ላይ የቱቦው ዳርና ዳር ከፕላስቲኩ ሥር ይደበቅ ስለነበር፣ 17 ኢንች ተብሎ የተሸጠ ሞኒተር የሚያሳየው 16 ኢንች ገደማ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነው ሻጮች በዓይን የሚታየውን ልክ ለብቻ መጻፍ የጀመሩት። ፋብሪካውም የራሱን ዳንቴል ያለብስ ነበር ማለት ነው።

የሰያፍ ልክ ዋናው ተንኮሉ የሚወጣው ቅርጹ ሲለወጥ ነው። እዚሁ ሰፈር አንድ የማከብራቸው አዛውንት አሉ። ካሬ የሚመስለው የድሮ ባለ 19 ኢንች ስክሪን ነበራቸው። ልጆቻቸው አዘኑላቸውና አዲስ ባለ 22 ገዙላቸው። አዛውንቱ ዳዊታቸውን የሚደግሙት ስካን ከተደረገ መጽሐፍ ላይ ነው፤ አዲሱን ከፍተው አንድ ቀን አዩና “ገጹ አነሰብኝ” አሉ። ልጆቹ ተያዩ። “አባባ፣ ይሄኛው እኮ በ3 ኢንች ይበልጣል” አሏቸው። “ይበልጥ ይሆናል፤ ገጹ ግን አነሰ።” ልጆቹ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዙላቸው። ማስመሪያ ይዤ ሄጄ ለካሁት፤ እውነት ያላቸው እሳቸው ነበሩ። የካሬው 19 ቁመት 12 ኢንች ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የአዲሱ የተለጠጠው 22 ቁመት 11 እንኳ አይሞላም። ቁመቱ የድሮውን 19 የሚተካከለው ባለ 24 ነው። መጽሐፍ ደግሞ የሚነበበው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ግራና ቀኝ የተረፈው ቦታ ለዳዊት ምን ይሠራለታል?

በዚሁ ሒሳብ የልጄ 34 ኢንች ጎባጣ ቁመቱ ከ27ቱ ጋር እኩል ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ የቆመ 27 ነው። ይህን ስነግረው ፊቱን አዞረ። የላይኛው ቤት ጋሼም ከ24 ወደ 32 መሄድን እንደ ትንሽ ጭማሪ ነው የሚያዩት። ቁጥሩ በሲሶ ነው ያደገው፤ ስፋቱ ግን በ78 በመቶ ይጨምራል። ጠረጴዛው የሚያውቀው ስፋቱን ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ዝምታ እንምጣ፤ ትርጉም ያለው ዝምታ ነው። ስክሪን የሚሠራው ከነጥቦች ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው በወርድ 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። ይህ ቁጥር ባለ 24ም ላይ ባለ 27ም ላይ ያው ነው። ሊጡ አንድ ነው፣ ምጣዱ ሰፋ፤ እንጀራው ይሳሳል። በ24ቱ አንድ ኢንች ላይ 92 ያህል ነጥብ ሲደረደር በ27ቱ ላይ 82 ገደማ ብቻ ይገባል። ሱቅ ውስጥ “ምነው ይሄ ትልቁ ረከሰ?” ብለን ደስ የሚለን ሊጥ ያልተጨመረበትን ይዘን ነው። 2560 በ1440 የሆነው 27 ግን በኢንች 109 ያህል አለው። ባለ 32ቱ 4ኬ ሲሆን 138 አካባቢ ይደርሳል፤ እሱ ደግሞ ፊደሉን በጣም ስለሚያደቅቀው ዊንዶውስን 125 ወይም 150 በመቶ አድርግ ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው በሳሳው 27 ሊኖር ይችላል። 26 ፊደል ነው ያለው፤ አብዛኛው በጥቂት ነጥብ ይሳላል። የኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው፤ ልዩነቱም በቅጥያ ነው። ነ ላይ አንዲት ጭረት ሲጨመር ኘ፣ ሰ ላይ ሲጨመር ሸ፣ ት ላይ ሲጨመር ች። በደቃቅ ጽሑፍ ያቺ ጭረት የአንድ ነጥብ ቁመት ብቻ ነው የሚደርሳት። ስክሪኑ ከሳሳ ከሥሯ ካለው አካል ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። እድሩ “ሁሉም አባል ሸማ ለብሶ ይምጣ” ብሎ መልእክት ይልካል፤ የሳሳ ስክሪን ያለው ሰው “ሁሉም አባል ሰማ” የሚለውን ያነብና፣ ሁሉም ከሰማማ ምን ቀረ ብሎ ይዘጋዋል፤ በጂንስ ይመጣል። ሏ፣ ሟ፣ ጿ የመሳሰሉትማ ጭረታቸውን የሚያገኘው አስቀድሞ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የፈረንጅ መጽሔት “ለቢሮ ሥራ ይበቃል” ያለው ስክሪን ለኛ ሊበቃ አይችልም፤ መጽሔቱ ላይ የሞከሩት ሰዎች ኘን አላዩም።

ይህንን ሳስብ ፊደሉን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሰዎች ትዕግሥት ይገርመኛል። እነ ፍስሃ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ እዚሁ አሜሪካ ተቀምጠው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲሠሩበት፣ በ1987 ትልቅ ዕድገት ተብሎ የመጣው ቪጂኤ የሚባለው የስክሪን ደረጃ እንኳ 640 በ480 ነጥብ ነበር። በዚያ ላይ ጨን ከጠ መለየት ነጥብ በነጥብ ነው። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኒያላ የሚባለው የፊደል ቅርጽ ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ። ከኦቴሎ ሐይቁን ተሻግሮ ሬድመንድ ካለው ከማይክሮሶፍት ግቢ ማለት ነው። ከሐይቁ ማዶ የተላከልንን ጥርት ያለ ፊደል እዚህ በ82 ነጥብ ማደብዘዝ ነውር ነው።

ርቀቱን ላንሣ። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ የሚሉት፣ ዓይንና ስክሪን ከ20 እስከ 40 ኢንች ይራራቁ ይላል፤ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር መሆኑ ነው። የስክሪኑ ላይኛ ጫፍም ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል ይላል። መርካቶ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ያየ ሰው ማስመሪያ አያስፈልገውም፤ ወንበሩ ላይ ተደግፎ ክንዱን ቢዘረጋ የጣቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ ጥሩ መነሻ ነው። አሁን ጠረጴዛውን ተመልከቱ። የሰፈራችን ጠረጴዛ በአብዛኛው ሬንተን ካለው አይኪያ ተገዝቶ፣ ሁለት ብሎን ተርፎት የተገጠመ ነው። ጥልቀቱ ብዙ ጊዜ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ላይ የስክሪኑ እግር የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የሚቀረው ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ የቡና ስኒ፣ የመብራት ቢልና የልጅ ካልሲ የሚሻሙበት ጠባብ መሬት ነው። እዚያ ላይ 32 የተከለ ሰው በዓይኑ ማንበቡን ትቶ በአንገቱ ማንበብ ይጀምራል፤ አንድ የፌስቡክ ክርክር ሳያልቅ አንገቱ ያልቃል።

መነጽሩንም አትርሱ። ዕድሜያችን ገፋ ሲል የሚታዘዝልን፣ ከላይ ለሩቅ ከታች ለቅርብ የሚያሳየው መነጽር፣ ስክሪኑ ከፍ ባለ ቁጥር አገጭን ያስነሣል። ሰማይ ሰማይ እያየ ታክሱን የሚሞላ ሰው ካያችሁ ጸሎት ላይ አይደለም፤ ስክሪኑ ከፍ ብሎበት ነው። ዝቅ ማድረግ ነው መድኃኒቱ። ለዚህም ለባለቤቴ ጥያቄም አንድ ዕቃ አለ፦ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር የሚታሰር፣ ስክሪኑን ከኋላው ይዞ አየር ላይ የሚያቆም ማንጠልጠያ፣ ሞኒተር አርም ይሉታል። አብዛኞቹ ስክሪኖች ከጀርባቸው ለዚሁ የተዘጋጁ፣ በ100 ሚሊ ሜትር የተራራቁ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሏቸው። እግሩ ሲነሣ ሥሩ ይለቀቃል፤ ፎርምም ይሞላበታል፣ ካልሲም ይታጠፍበታል።

የጋሼ ባለ 43 ቴሌቪዥንስ? ምክራቸውን ስላልተቀበልኩ ቅር እንዳይላቸው ምክንያቱን ላስረዳ። ቴሌቪዥን የተሠራው ከሶፋ ላይ ለሚያይ ነው። አንዳንዱ የሥዕሉን ዳር ዳር የመቁረጥ የቆየ ልማድ አለበት፤ ኮምፒውተር ሲሰካበት ከታች ሰዓቱንና ስታርት የሚለውን ይውጠዋል። ቀለሙንም ሊያሳሳ ስለሚችል በጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ፊደል ዳሩ ይሸሻል። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ “ፒሲ” የሚለውን መምረጥ ብዙውን ያስተካክለዋል። ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና “ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ሶፋው ላይ ሆነህ አትሠራም?” አሉኝ።

ፍርዴን ሳልሸሽግ ልናገር፦ አማርኛ ለሚያነብና ለሚጽፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጠረጴዛ ላለው ሰው፣ 2560 በ1440 የሆነ ባለ 27 ይበቃዋል። ገንዘብ ካጠረ ባለ 24 ፉል ኤችዲ ከሳሳው 27 ይሻላል። 32 የሚያምረው ጥልቅ ጠረጴዛ ላለው ነው። ሱቅ ስትገቡ ደግሞ የሚያሳዩአችሁን በቀቀንና ፏፏቴ አትመኑ፤ በቀቀን የማያምርበት ስክሪን አልተሠራም። ላፕቶፓችሁን ሰክታችሁ የአማርኛ ጽሑፍ በደቃቁ ክፈቱና ኘን ፈልጉ። ያገለገለ የሚፈልግ ሶዶ ድረስ ሄዶ ሪ-ፒሲ የሚባለውን ሱቅ መጎብኘት ይችላል (ሶዶ ስል ከስታዲየሞቹ በታች ያለውን የሲያትሉን ሰፈር እንጂ የወላይታውን አይደለም)። አዲስ ለሚፈልግም ኮስትኮ አለ፤ የመጀመሪያው መደብሩ እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው እዚያው አካባቢ፣ ፎርዝ አቬኑ ላይ ነው። ሒሳብ ስትሠሩ የሲያትል የሽያጭ ታክስ ከ10 በመቶ በላይ መሆኑን ጨምሩበት።

እኔ 27ቱን ከነአርሙ ገዝቼ በባቡር መጣሁ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኦቴሎን ከመሀል ከተማ ያገናኘው ይህ ባቡር ሰው ብቻ ሳይሆን ወሬም ያመላልሳል፤ ሳጥኑ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ ነው የተጻፈው። ቢከን ሂል ላይ አንድ ነጠላ የለበሱ እናት ገብተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሳጥኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

“እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ቴሌቪዥን ነው?”

“የኮምፒውተር ነው እማማ።”

“27 ነው የሚለው?”

“አዎ።”

“ለሳሎን አያንስም?”

“ለጠረጴዛ ነው። እኔ ብቻ ነኝ የማየው።”

አዘኑልኝ። “ሚስት የለህም?” አሉ።

“አለችኝ። ልጅም አለኝ።”

“ታዲያ እነሱ ምን ሊያዩ ነው?” ብለው ወደ አጠገባቸው ሰው ዞሩና ነገሩን ይፈርድላቸው ዘንድ አስረዱት። ኮሎምቢያ ሲቲ ስንደርስ ሦስት ሰው 32 መግዛት እንደነበረብኝ ተስማምቷል፤ አንዱ መመለሻ ቀኑ እንዳያልፍብኝ አሳሰበኝ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቁጥሩን ቀድማ አውቃዋለች።

የቀረው የአሮጌው ስክሪኔ ነገር ነው። በዋሽንግተን ስቴት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያረጀ ሞኒተርና ቴሌቪዥን ያለ ክፍያ የሚረከብ ኢ-ሳይክል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ወስዶ ማስረከብ ነው። እኛ ግን የሚሠራ ዕቃ ማስረከብ አይሆንልንም፤ “አገር ቤት ለሚፈልገው ቢደርስ” የሚል ድምፅ ከውስጥ ይመጣል። አዲስ አበባ ለሚኖረው ለወንድሜ ልጅ ጻፍኩለት፦ ባለ 22 ኢንች ስክሪን አለ፣ ንጹሕ ነው፣ ሰው ሲመጣ ልላክልህ ወይ?

ወዲያው መለሰ። “ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሱን አትድከምበት፣ እኔ በሁለት ባለ 27 ነው የምሠራው። ግን ያ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰረው አርም እዚህ ተወዶብናል። እሱን ብትልክልኝ። ሁለት አድርገው።”

ለባለቤቴ አሳየኋት። አርሙ ላይ የተንጠለጠለውን ስክሪን፣ ከሥሩ ደግሞ ያገኘችውን ቦታ አየችና “የኛን ነቅለህ እንዳትልክ” አለችኝ።